ፊት ብቻውን አይመሰክርም

በመንገድ ላይ ያገኙትን የማያውቁትን ሰው ፎቶ ማንሳት ዛሬ የጉዞ አንድ ክፍል ሆኗል። ላሊበላ የሄደ ነጠላ ያጣፉ አዛውንት ያነሳል፤ ወደ ኦሞ የወረደ ፊቱን በነጭ አፈር የተቀባ ልጅ ያነሳል፤ ኢስታንቡል ለአንድ ቀን ያረፈ ሻይ አዟሪ አንስቶ ይመለሳል። እነዚህን ፎቶዎች ጎን ለጎን ደርድሮ ላያቸው ሰው አብዛኞቹ እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ። ፍሬሙን የሞላ ፊት፣ የደበዘዘ ዳራ፣ ሌንሱ ላይ የተተከሉ ዓይኖች። ሽበቱና መጨማደዱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰውየው የት እንደነበረ፣ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ካሜራው ሲነሳበት ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን ከፎቶው ማወቅ አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የማናውቀውን ሰው ፊት ከቆመበት ቦታ ቆርጠን ስናወጣው የምናገኘው ውብ ምስል ሊሆን ይችላል፤ ምስክርነት ግን አይሆንም። መንገደኛ ሰውን በፎቶ መዘገብ ከፈለገ ሰውየውን ከነቦታው፣ ከነሥራውና ከነፈቃዱ ማንሳት አለበት። ፈቃድ መጠየቅን ብዙዎቻችን ከፎቶ ጥበብ ውጭ ያለ የጨዋነት ጉዳይ አድርገን እናየዋለን። እኔ ደግሞ የቅንብሩ የመጀመሪያ እርምጃ ነው እላለሁ።

ከሁሉ የታወቀው ማስረጃ የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ የምትባል ፎቶ አንሺ በመንግሥት ተቀጥራ የገበሬዎችንና የቀን ሠራተኞችን ኑሮ ስትዘግብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ ከሚባል ቦታ ደረሰች። የአተር ምርቱ ተበላሽቶ ለለቀማ የመጡት ሰዎች ያለ ሥራ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ላንግ በሸራ መጠለያ ሥር ከልጆቿ ጋር የተቀመጠች አንዲት እናት አየችና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ፎቶዎች አነሳች። ፎቶዎቹን ከሩቁ ወደ ቅርቡ በተራ ላያቸው ሰው ቅንብር ምን እንደሚሠራ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ራቅ ተብሎ በተነሳው ላይ ሸራው፣ የቤት ዕቃውና ለአቅመ ሔዋን የተቃረበችው ትልቋ ልጅ ሁሉም አሉ። ላንግ በቀረበች ቁጥር ከፍሬሙ የሚወጣው ይበዛል፤ ትልቋ ልጅ ወጣች፣ ዕቃው ወጣ፣ መጠለያውም ወጣ ማለት ይቻላል። ዓለም በሚያውቀው የመጨረሻው ፎቶ ላይ የቀሩት እናቲቱ፣ ጭኗ ላይ ያለችው ጨቅላ፣ ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋን የተደገፉ ሁለት ልጆችና ጉንጯን የነካው እጇ ናቸው። በቀኝ በኩል ከታች የመጠለያውን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ገብቶ ነበር፤ እሱም ቢሆን በኋላ ከኔጋቲቩ ላይ እንዲጠፋ ተደርጓል።

ያ ፎቶ የዘመኑ የድህነት ምልክት ሆነ። ምልክት ለመሆን ግን የከፈለው ዋጋ አለ። ላንግ ከዓመታት በኋላ እንደጻፈችው የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗን ሕዝብ የሰማው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የቸሮኪ ተወላጅ መሆኗም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነበር። እሷም ፎቶው ለእሷ አንዳች እንዳላስገኘላት ተናግራ፣ ምነው ባልተነሳሁ ብላለች። ከአርባ ዓመት በላይ በጋዜጣ፣ በመጽሐፍና በሙዚየም የታየች ሴት በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ራሷ አንድ ቃል የምትናገርበት ቦታ አልነበራትም፤ ፍሬሙም እሷን ከሌላ ችግረኛ እናት የሚለይ ነገር አልያዘም። ፊቷ ቀረ፣ ታሪኳ ጠፋ።

ተመሳሳይ ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በሌላ መንገደኛ ፎቶ ላይ ተደገመ። ስቲቭ ማከሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ፓኪስታን ውስጥ ፔሻዋር አጠገብ በነበረ የአፍጋኒስታን ስደተኞች ካምፕ አንዲት ልጅ አነሳ፤ ፎቶው በሰኔ 1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ሆኖ ወጣ። የተቀደደ ቀይ ሻሽ፣ አረንጓዴ ዓይኖች፣ ከጀርባ አረንጓዴ ዳራ። ያነሳት ልጆች በድንኳን ውስጥ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ካምፑም የለም፣ ትምህርት ቤቱም የለም። ተመልካቹ በፍርሃት የተዋጠች ስደተኛ አየ እንጂ ተማሪ አላየም። ሻርባት ጉላ ተብላ በስሟ የተጠራችው፣ የራሷንም ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በ2002 ተፈልጋ ስትገኝ ነው። ማከሪ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሌሎቹን ልጆችና የድንኳኑን ደጃፍ ቢያስገባ ኖሮ ፎቶው ምናልባት ይህን ያህል ዝና ባላገኘ ነበር። ስለ ልጅቷ የሚነግረን ግን ከአንድ በላይ ነገር በሆነ ነበር፤ ስደተኛ ናት፣ ጦርነቱም ከትምህርት አላቆማትም።

ሌላ ዓይነት ፎቶ እንደሚቻል ያሳየው ጀርመናዊው አውጉስት ዛንደር ነው። ዛንደር የዘመኑን ሰው ሁሉ በፎቶ ለመመዝገብ ተነስቶ በኮሎኝ ከተማና በቬስተርቫልድ ገጠር ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1914 ያነሳውን የሦስት ወጣቶች ፎቶ ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ከዘራ ይዘው በገጠር መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸውን ወደ ካሜራው መልሰዋል፤ ወደ ኋላ ቀረት ያለው ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ ባርኔጣውን ጋደል አድርጎታል። ከጀርባቸው የተዘረጋው ሜዳ ነው እንጂ ሕንፃ የለም። ይህን ፎቶ ከአንገት በላይ ብንቆርጠው ሦስት ባርኔጣ ያደረጉ ጎረምሶች ይቀራሉ። ከነመንገዱና ከነሜዳው ስናየው ግን ለሰንበት የለበሱት የከተማ ልብስ ገጠር መግባቱን፣ ልጆቹም በዚያ መኩራታቸውን ያለ አንዳች ጽሑፍ እንረዳለን። ዛንደር ከሥራዎቹ 60 መርጦ እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ናዚዎች በ1936 የመጽሐፉን ማተሚያ ፕሌቶች አጠፉ። ሕዝብን በአንድ ተፈላጊ መልክ ብቻ ማሳየት ለሚፈልግ አገዛዝ ሰዎችን ከነየቦታቸውና ከነየሥራቸው የሚያሳይ መዝገብ አይመቸውም።

ታዲያ ፈቃድ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የሚያገናኘው ርቀት ነው። በፎቶ ላይ የፊት ቅርጽና የዙሪያው መጠን የሚወሰነው ፎቶ አንሺው ከሰውየው ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ነው። ግማሽ ሜትር ላይ ስልኩን የደቀነ ሰው አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ደግሞ ፊቱን ጎትቶ ያመጣና የቀረውን ሁሉ ያደበዝዘዋል። በ35 ወይም በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ወይም በተራ የስልክ ካሜራ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ሰው ግን ፊቱንም፣ እጁንም፣ ከጀርባ ያለውንም ደጃፍ በአንድ ፍሬም ያገኛል። እንግዲህ ካሜራውን ካልደበቁ በቀር አንድን ሰው በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊት ቆሞ ሳያውቅ ማንሳት አይቻልም። ሰፊው ፍሬም ራሱ ሰላምታን ግድ ይላል። ሰውን ሳይጠይቅ ማንሳት የሚሻ መንገደኛ ወደ ረጅም ሌንስ የሚሸሸው፣ ረጅሙ ሌንስም ቦታውን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የቦታው መጥፋትና የፈቃዱ አለመጠየቅ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ይመስላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ምንጫቸው አንድ ነው።

ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሐረርን እንውሰድ። በአሮጌዋ ከተማ በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ ላይ አውጥተው ይሠራሉ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የክፍት አደባባይ ፎቶ ዓይንን በጥላ ይሞላዋል፤ በዚያ መንገድ ግን ልብስ ሰፊው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ማዶ ያለው ቀለም የተቀባ ግድግዳ ብርሃኑን አለስልሶ ፊቱ ላይ ይመልስለታል። መንገደኛው መጀመሪያ «በርቱ» ብሎ ሰላምታ ይስጥ፤ ሥራውን ለአፍታ ይይ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ሲሰፉ አንድ ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ይበል። ከተፈቀደለት ሰውየው እንደተቀመጡ መንገደኛው ቁጢጥ ብሎ ካሜራውን በዓይናቸው ልክ ያውርድ፤ ከላይ ቁልቁል የተነሳ ሰው ሁልጊዜ ያነሰ መስሎ ይታያልና። የተሰቀለው ቀሚስ ከራሳቸው ጋር ከተደራረበ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃል። እጃቸው፣ የመኪናው ጎማና የሚሰፋው ጨርቅ ፍሬሙ ውስጥ ይግቡ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚቀናው ከነጣ ግድግዳ ፊት የተቀመጠን ጠይም ሰው ያጠቁረዋል፤ በስልክ የሚያነሳ ሰው ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክቶ ብርሃኑን በፊቱ ልክ ማስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተረጋግቶ ለመቆም ጊዜ ሲኖር ነው፤ ጊዜውን የሚሰጠው ደግሞ የተነሺው እሺታ ነው።

ከፎቶ አንሺዎች ዘንድ ቶሎ የሚመጣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ሰው ከተጠየቀ ይኮፈሳል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ እውነቱ ይጠፋል ይላሉ። ለዚህም ፎቶ አንሺውን ዎከር ኤቫንስን ይጠቅሳሉ። ኤቫንስ ከ1938 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ካሜራውን ከካፖርቱ ሥር ደብቆ ተሳፋሪዎችን አንስቷል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ድካምና ሐሳብ ተጠይቆ የሚገኝ አይደለም። ይህን አልክድም። ነገር ግን ኤቫንስ የሚኖርበትን ከተማ ሰው ነበር የሚያነሳው፤ የእነዚያን ፎቶዎች መጽሐፍም ያሳተመው በ1966፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ መንገደኛው ቋንቋውን የማያውቀውን ሰው ደብቆ አንስቶ በዚያው ምሽት ለዓለም ይለጥፈዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መኮፈሱም ቢሆን ውሸት አይደለም። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሲዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ደንበኞቹን ሲያነሳ ሰዎቹ የሚያምርባቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮ ወይም ሌላ ዕቃ ይዘው፣ አቋማቸውን አሳምረው ይቀርቡ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ዘመን ከተሜ ራሱን እንዴት ማየት ይፈልግ እንደነበር የምንማረው ከዚያ አቋም ነው። ሰው ኮሌታውን ሲያስተካክል ስለ ራሱ እየነገረን ነው። ያልተዘጋጀ ፊት የሚፈልግ ፎቶ አንሺም ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ትንሽ ይቆይ፤ ልብስ ሰፊው ወደ ስፌቱ መመለሱ አይቀርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቅንብር በኩል ይመጣል። የመንገድ ዳራ የተዝረከረከ ነው፣ ሰውን ከዚያ አውጥቶ ንጹሕ ጨርቅ ፊት ማቆም የበለጠ ክብር ይሰጠዋል የሚል ነው። ከዚህ ወገን ትልቁ ምሳሌ ፎቶ አንሺው ኧርቪንግ ፔን ነው። ፔን እ.ኤ.አ. በ1948 በፔሩ ኩስኮ ከተማ የአንድ ፎቶ ቤት ስቱዲዮ ተከራይቶ ነዋሪዎችን አነሳ፤ በኋላም ተንቀሳቃሽ ድንኳን ይዞ በተለያዩ አገሮች ግራጫ ጨርቅ ፊት ሰዎችን አቁሟል። የተነሱት ሰዎች አውቀውና ፈቅደው ስለቆሙ ፎቶዎቹ ክብር አላቸው፤ በዚህ ረገድ ከተደበቀ ካሜራ ይሻላሉ። ኩስኮ ግን ከፎቶዎቹ ውስጥ የለችም። ሰዎቹ ቀዳዳውን የጠገኑት ልብስ ሳይቀር በጨርቁ ፊት ሲቆም ከኑሮ ዕቃነት ወደ ጌጥነት ይለወጣል። ኤቫንስ ቦታውን ይዞ ፈቃዱን ተወ፤ ፔን ፈቃዱን ይዞ ቦታውን ተወ። የመንገድ ፎቶ ሁለቱንም መያዝ የሚችልበት ዕድል አለው፤ መዝረክረኩንም ማሸነፍ የሚቻለው በመደምሰስ ሳይሆን በመምረጥ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ማለት የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ከሰውየው ራስ ላይ ያነሳል፣ የዋጋ ሰሌዳውን ግን ያስቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። የላንግ ፎቶ ስም ባይጠይቅም ሥራ ሠርቷል፤ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ወደ ኒፖሞው የሠራተኞች ካምፕ ምግብ ልኳል። አንድ ሰው ምልክት ሆኖ ብዙዎች ከተረዱ ምን ይጎዳል? መልሴ ሁለት ነው። የፍሎረንስ ቶምፕሰን ቤተሰብ ምግቡ ሲደርስ ካምፑን ለቆ ሄዶ ነበር፤ ምልክት የሆነው ሰው ከምልክቱ ጥቅም የሚደርሰው አልሆነም። ደግሞም ላንግ የሄደችው ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት ችግሩን ለሚፈታ መሥሪያ ቤት ለመዘገብ ነው። ጎብኚው እንዲህ ያለ ኃላፊነት የለበትም፤ የሚያነሳው ሰው ብዙውን ጊዜ ችግር ላይ ያለ ሰው ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። አንድን ሸማኔ ወይም ጉሊት ቸርቻሪ የድህነት ምልክት አድርጎ ማቅረብ ያላየነውን ነገር መመስከር ይሆናል።

የኦሞ ሸለቆ ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። ለረጅም ዓመታት የአካባቢውን የሙርሲ ሕዝብ ያጠናው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ የጎብኚውንና የሙርሲዎችን ግንኙነት መርምሯል። ጎብኚው በመኪና ይመጣል፣ የከንፈር ሸክላ ያደረገች ሴት ይመርጣል፣ ያነሳል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ክፍያው በፎቶ ቁጥር ስለሆነ ለመመረጥ ሲሉ በአዘቦት የማያደርጉትን ጌጥ የሚደራርቡ አሉ። ከዚያም ያ ፎቶ የአካባቢው ሰው የዘወትር መልክ ተብሎ ይሸጣል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ገንዘቡ ላይ ይጥለዋል፤ እኔ ገንዘቡን ጥፋተኛ አላደርገውም። ሰው ለጊዜውና ለመልኩ ዋጋ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የሚያሳስተው ቆመው የሚጠብቁት ጎብኚዎች፣ መኪናውና ድርድሩ ከፍሬሙ ውጭ መቅረታቸው ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ተነስቶ ወደዚያ የሚወርድ ኢትዮጵያዊም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ዜግነት የጋራ መሆኑ ቋንቋውንና ቤቱን ለማያውቀው ሰው እንግዳ ከመሆን አያድነውም።

ሕጉስ ምን ይላል የሚል ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 28 ለታወቁ ሰዎችና ለባለሥልጣናት፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት እንዲሁም በአደባባይ ለተደረጉ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። በሌላ አገር ሚዛኑ ሌላ ነው። ፎቶ አንሺው ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሺያ በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር መንገደኞችን ሳያውቁ በፍላሽ አንስቶ ለእይታ አቅርቦ ነበር፤ ከተነሱት መካከል አንድ አዛውንት በሃይማኖታቸው ምክንያት ጭምር ቢከሱትም ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ፎቶው ኪነ ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አድርጓል። ሕግ ፎቶ አንሺው የማይቀጣበትን ድንበር ይነግረናል። ፎቶው እውነት መናገሩን ግን ሕግ አይለካውም፤ ያንን የሚለካው ፍሬሙ የያዘው ነገር ነው።

ስለዚህ ለመንገደኛው የምመክረው ጥቂት ነው። ከመንገዱ ማዶ አታንሳ፤ ተሻግረህ ሰላም በል። እንቢ ካሉህ አመስግነህ እለፍ፤ እንቢታውን በረጅም ሌንስ አትሻረው። ሲፈቅዱልህ ፊታቸውን፣ እጃቸውንና ያሉበትን ቦታ በአንድ ላይ አስገባ። ስማቸውንና ሥራቸውን ጠይቀህ፣ እንዲጻፍ ከወደዱ ከፎቶው ሥር ከቦታውና ከቀኑ ጋር ጻፍ፤ ፎቶውን የሚቀበሉበት ስልክ ካላቸው በዚያው ላክላቸው። ከዚያ ፎቶውን ለማንም ከማሳየትህ በፊት ፊታቸውን በአውራ ጣትህ ሸፍነህ የቀረውን እይ። የቀረው ነገር የት እንደነበርክና ምን ዓይነት ሰው ፊት እንደቆምክ ከነገረህ ዘገባ ሠርተሃል። ምንም ካልነገረህ በእጅህ ያለው ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነው፤ ሰውየው እዚያው ካሉ ተመልሰህ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለህ፣ እንደገና ጠይቀህ አንሳ።